ስለ መጥለቂያ ዕቃ የሰረዝኩት መስመር

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ብሩክ ደወለ።

«እትዬ ሙሉ፣ ያንን ደብተር ጥለውት ይሆን?» አለኝ፣ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ።

«የትኛውን ደብተር?»

«ጋሼ ደምሴ የነገሩዎትን የጻፉበትን። ጋዜጣው ላይ የወጣውማ አለኝ፤ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እኔ የምፈልገው ጋዜጣው ላይ ያልገባውን ነው።»

ብሩክ ሐይቅ ውስጥ የሰመጡ ሰዎችን ፈልገው የሚያወጡ በጎ ፈቃደኛ ጠላቂዎችን ያስተባብራል። ራሱ ውሃ ከነካ ዓመታት አልፈዋል፤ የሚሄደው በሁለት ክራንች ነው። አሁን ሦስት አዳዲስ ጠላቂዎች አግኝቷል፤ ለሦስቱም ሙሉ የመጥለቂያ ዕቃ መርጦ ሊገዛ ነው። ለጊዜው ከዳር ብዙም አይርቁም። ወደፊት ግን ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ወደማይደርስበት ጥልቀት፣ ሁለት የአየር ሲሊንደር ተሸክመው መውረዳቸው፣ ሲመለሱም በየደረጃው እየቆሙ መውጣታቸው አይቀርም።

«ሁለት ጊዜ የመግዛት አቅም የለንም» አለ። «አንዴ የምንገዛው ዕቃ ነገ ጥልቅ ሲገቡም አብሯቸው መግባት አለበት። ጋሼ ደምሴ ደግሞ ዛሬ በሕይወት የሉም። የቀሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«እፈልገዋለሁ» አልኩት።

ውሸቴን ነበር። የት እንዳለ አውቃለሁ። ቁም ሳጥኔ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ያለ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ ሰማያዊ ደብተር ነው። ከገጾቹ በአንዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩት መስመር አለ። ብሩክ ስለ መስመሩ የሚያውቀው ነገር የለም። ደብተሩን ከሰጠሁት ያየዋል። ካልሰጠሁት ደግሞ ሦስት ሰዎች እሱ ያኔ የገዛውን ዓይነት ዕቃ ይዘው ሊወርዱ ይችላሉ።

ሥራ የጀመርኩት በጋዜጣ እርማት ክፍል ነው። ሌሎች የጻፉትን እያነበብኩ የተሳሳተ ፊደል እለቅም ነበር። ዋና አዘጋጁ አውቶቡስ ተራ ጀርባ ማደጌን ሲሰሙ «እንግዲያው መርካቶን አንቺ ያዢ» ብለው የገበያ ዋጋ ዘጋቢ አደረጉኝ። የበርበሬ፣ የቆርቆሮና የብርድ ልብስ ዋጋ እየለቀምኩ ዓመታት አሳለፍኩ። ደመወዙ ከቤት ኪራይ አልፎ ለታክሲ ይደርስ ነበር፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

አዘጋጁ አንድ ልማድ ነበራቸው። ዜና ይዤ ስገባ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ማን አለሽ?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ቀጥለው «አንቺስ አየሽ?» ይላሉ። ካላየሁ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ይገፉታል። አንድ ጊዜ መጋዘን ተቃጥሎ «የሞተ ሰው የለም» ብዬ ጻፍኩ። ያሉኝ ባለ መጋዘኑ ነበሩ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «አላየሁም» ስል በዝናብ መልሰው ሰደዱኝ። ስደርስ ሰዎች የዘበኛውን አስከሬን በብርድ ልብስ ጠቅልለው እያወጡ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬን ለሁለት ከፈልኩት። በግራው ገጽ የሰማሁትን፣ በቀኙ ገጽ ያረጋገጥኩትን እጽፋለሁ። የቀኙ ገጽ ባዶ ከሆነ አይታተምም። ከዋጋ ወደ ወንጀል፣ ከወንጀል ወደ አደጋ ዘገባ ተዛወርኩ። እኚያ አዘጋጅ አልፈው ሌሎች መጡ። እኔ ግን ደንቡን ይዤ ቆየሁ። የጣስኩት አንድ ጊዜ ነው።

በአንድ ክረምት ሐይቅ ውስጥ የሰመጡ ሰዎች ዜና ተደጋገመ። አስከሬን ለማውጣት ቀናት ይወስድ ነበር፤ ቤተሰብ ዳር ላይ ድንኳን ጥሎ ያድራል። በዚህ ያዘኑ ወጣቶች ዕቃ ከመርካቶ እየገዙ ራሳቸው መጥለቅ ጀመሩ። የዚያን ጊዜው አዘጋጅ «ስለ ዕቃው አመራረጥ አንድ ነገር ጻፊ፤ ብዙ ዘመን የሚያገለግለውን ከማያገለግለው የሚለይ» አለኝ። እኔ ዋና እንኳን አልችልም። ሰው ሳጠያይቅ ምን አለሽ ተራ ወዳሉ አንድ አዛውንት መሩኝ።

ጋሼ ደምሴ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የመርከብ ሆድ እየጠለቁ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ነበሩ። ባሕሩ ሲርቃቸው መርካቶ ገብተው የአየር መጭመቂያና የግፊት መለኪያ ይጠግኑ ነበር። ሱቃቸው የዘይት በርሜል እየቀጠቀጡ ምድጃ በሚሠሩ ሰዎች መካከል የተወሸቀች አንዲት ክፍል ነበረች። በዚያ ጫጫታ ውስጥ በጆሮ የሚሠራ ሥራ ይሠሩ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ስሄድ በሲሊንደር ራስ ላይ የሚታሰረውን ዕቃ ይዘው ቁጭ ብለዋል። የታመቀውን አየር ግፊት ሰው ሊተነፍሰው እስኪችል የሚቀንሰው ይህ ዕቃ ነው፤ እሳቸው «መቀነሻ» ይሉታል። ሰላምታ ስሰጣቸው በእጃቸው ቁጭ በይ አሉኝ። አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ አልኩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን መዶሻው ሁሉ ለምሳ ቆመ። ያኔ አየሩን ከፈቱና መቀነሻውን ጆሯቸው ሥር አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጎረቤታቸው ያለው በርሜል ቀጥቃጭ እንጀራውን እየጠቀለለ «ጋሼ ደምሴ፣ ዕቃው ዛሬስ ምን አለዎት?» አለ።

«ጎረቤትህ ቶሎ ይብላና ዝም ይበል አለኝ።»

ሰውየው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። የምሳ ሰዓቱ እስኪያልቅ አዳመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የሚያፏጭ ነገር የለም» አሉ።

«ጥሩ ዕቃ ነው ማለት ነው?»

«እስካሁን ጥሩ ነው።»

ስለ ማንኛውም ዕቃ «ጥሩ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ «እስካሁን» አለበት። ከፍተው የገጠሙትን ሁሉ በነጭ ጨርቅ ቁራጭ ያስሩና የከፈቱበትን ቀን በእርሳስ ይጽፉበታል። ጨርቅ የሌለበት ዕቃ ከመጣላቸው፣ ባለቤቱ አሁን ገዛሁት ብሎ ቢምልም ካቻቢቴ ያነሣሉ።

ስምንት ጊዜ ያህል ተመላለስኩ። ነገሩን ሁሉ በእጄ እያስያዙ አስተማሩኝ። መነጽርን ፊትሽ ይምረጠው፣ ዓይንሽ አይምረጠው፤ ያለ ማሰሪያው ፊትሽ ላይ አድርጊና በአፍንጫሽ አየር ሳቢ፤ ካልወደቀ ያንቺ ነው አሉኝ። ሁሉ ነገር አንድ ላይ የተሰፋውን ጃኬት ገፍተው፣ ከጀርባ የሚሆን የብረት ሳህን፣ ቀበቶና ለብቻው የሚታሰር የአየር ፊኛ አሳዩኝ።

«ጃኬቱ አንድ ቦታ ሲቀደድ ሁሉም ነው የሚቀደደው። ይሄ ግን ፊኛው ከተቀደደ ፊኛውን ትቀይሪያለሽ። ነገ ሁለት ሲሊንደር ልሸከም ብትይ ሳህኑ እሺ ይልሻል።»

መቀነሻው ከሲሊንደሩ ጋር በጉጠት መልክ ከሚያያዝ ይልቅ እንደ ብሎን በጥርስ ገብቶ የሚጠብቀው ይመረጣል፤ ጥልቅ ውስጥ ሲጋጭ አይላቀቅም። ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲሄድም ሆነ ጠላቂው እየወረደ ሲሄድ ትንፋሹ የማይከብደውን ዓይነት ያዢ አሉኝ። እጅ ላይ ስለሚታሰረው የጠላቂ ኮምፒዩተርም እንዲህ ብለዋል፦ «የእኛ ሐይቆች ተራራ ላይ ናቸው። ዕቃው ከፍታ የማያውቅ ከሆነ ባሕር ዳርቻ ያለሽ መስሎት ቶሎ ውጪ ይልሻል። ያኔ ደምሽ እንደተከፈተ ለስላሳ ይፈላል።»

በመጨረሻው ቀን ያገለገለ ዕቃ መግዛትስ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። መርካቶ ላይ የታወቀ እምነት አለና ነው፤ ከአዲስ ፎርጅድ ያገለገለ ኦሪጅናል ይሻላል። ለሞተር እንላለን፣ ለስልክ እንላለን፣ ለጫማ እንኳ እንላለን። ዕቃውን በእጃችን መዝነን ከከበደን እናምነዋለን።

ጋሼ ደምሴ ያሉትን በግራው ገጽ እንዳለ ጻፍኩት። «ያገለገለ ኦሪጅናል እኔም እወዳለሁ። ግን የውስጥ ጎማውና መለዋወጫው ዛሬም የሚመረት መሆኑን ሳታረጋግጪ አትግዢ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ማን በምን እንደሚከፍተው ጠይቂ። ለጥልቅ ከሆነ ደግሞ አንድ መቀነሻ ብቻ ይዞ የሚወርድ ሰው ሞቶ ነው የሚወርደው።»

አንድ ውጭ አገር የሚሠራ ጠላቂ በስልክ አግኝቼ ጠየቅኩ፤ ቃል በቃል ያንኑ አለኝ። በቀኙ ገጽ ጻፍኩት። ሁለቱም ገጽ ሙሉ ነበር።

ከጋሼ ደምሴ ዘንድ ወጥቼ ዱባይ ተራ ሄድኩ። ሸምሱ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ከኳስና ከዋና መነጽር ጎን የመጥለቂያ ዕቃም ያስመጣል።

«እትዬ ጋዜጠኛዋ! ዛሬ ደግሞ ማንን ሊያስሩ መጡ?»

«ዋጋ ልጠይቅ ነው።»

«ዋጋ የጠየቀ ይቀመጣል። የተቀመጠ ሻይ ይጠጣል። የጠጣ ይገዛል። እንግዲህ ያስቡበት!»

አንድ ያገለገለ የናስ መቀነሻ እጄ ላይ አስቀመጠ። እንደ ሕፃን ይከብዳል። «ይሄ ዕድሜ ልክ ነው እትዬ። እርስዎም እኔም አፈር እንለብሳለን፣ እሱ ይተነፍሳል» አለኝ። ንግግሩ ስለጣመኝ በግራው ገጽ ጻፍኩት። በቀኙ ገጽ ምንም አልጻፍኩም።

ጽሑፉ «ከአዲስ ፎርጅድ ያገለገለ ኦሪጅናል» በሚል ርዕስ ገጽ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የፍራሽ ማስታወቂያ መጣ። አዘጋጁ ጥቂት መስመር ቀንሺ አለኝ። ቀይ እስክሪብቶ አንሥቼ የጋሼ ደምሴን የመጨረሻ ቃል ሰረዝኩ፤ ደብተሩ ላይም ያልገባውን መሰረዝ ልማዴ ስለነበር እዚያም ሰረዝኩት። የሸምሱን «ዕድሜ ልክ» ተውኩት። ለብዙ ዓመት ምክንያቱ ቦታ ነው ስል ኖርኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያ ቃል ርዕሱን ያቀዘቅዝብኝ ነበር። ርዕሱ ጥሩ ነው ብለውኝ ነበርና።

ጋሼ ደምሴ ስሜን እንዳትጽፊ ስላሉኝ «አንድ አንጋፋ ጠላቂ» ብዬ አለፍኩ። በዚህም የተነሣ ጽሑፉን ያነበበ ሰው እሳቸውን ፈልጎ ማግኘት አይችልም ነበር፤ ብሩክም ስማቸውን ከእኔ የሰማው ካለፉ በኋላ ነው። ጋዜጣውን ወስጄ ስሰጣቸው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ ከዚያ አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«የመጨረሻው ነገር የለም» አሉ።

«ቦታ ጠበበብን ጋሼ።»

«በሚቀጥለው ታወጪዋለሽ» አሉኝ። እሺ አልኩ። በሚቀጥለው ሌላ አደጋ ነበር፤ በዚያኛውም ሳምንት ሌላ።

ብሩክ ያኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ጽሑፉን ቆርጦ፣ ይዞ፣ ዱባይ ተራ ሄዶ ያንን የናስ መቀነሻ ገዛ። አንድ ብቻ። በእጁ መዘነው፤ ከበደው፤ አመነው። ዓመት ካለፈ በኋላ ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት ደረቀ። መለዋወጫ ቢጠይቅ ፋብሪካው ያንን ሞዴል መሥራት አቁሟል። መርካቶ ላይ ግን የለም የሚባል ነገር የለም። ከአሮጌ የጭነት መኪና ፍሬን የወጣ ቀለበት አገኘ፤ ልኩ በልኩ ገጠመ። ዳር ዳሩን ሲጠልቅ በደንብ ሠራለት።

አንድ እሑድ ጠዋት አንድ አባት ሐይቅ ውስጥ ሰመጡ። ልጆቻቸው ዳር ቆመው ያያሉ። ብሩክ ከዚያ በፊት ወርዶበት ወደማያውቀው ጥልቀት ወረደ። ሰውየውን አግኝቶ በገመድ እያሰረ ሳለ ቀለበቱ ተተረተረ፤ አየሩ ሁሉ በአንዴ ፈልቶ ወጣ። ሌላ መቀነሻ አልነበረውም። የትም ሳይቆም በቀጥታ ወጣ። ሐይቁ ደግሞ ተራራ ላይ ነው። ዳር ሲደርስ እግሮቹ አልታዘዙለትም።

ዜናውን እንድዘግብ የተላክሁት እኔ ነበርኩ።

ሆስፒታል ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ፊቱ በራ። «እትዬ፣ የእርስዎን ጽሑፍ እኮ ይዤዋለሁ! እርስዎ ያሉትን ዕቃ ነው የገዛሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያንን ቀለበት ማስገባት አልነበረብኝም» አለኝ። ብርቱካኑን ልጬ ሰጠሁት። ሌላ ምንም አልነገርኩትም።

በማግስቱ እርምት ጽፌ ለአዘጋጁ አቀረብኩ። «ያማረረ ሰው አለ?» አለኝ። የለም አልኩ። «እንግዲያው ምን ፍለጋ ነው?» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። መከራከር እችል ነበር፤ በሌላ ጉዳይ ከእሱ ጋር ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ደብተሩ ውስጥ ከተትኩት። ጋሼ ደምሴ የብሩክን ነገር ሰምተው ነበር። ሱቃቸው ስሄድ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ «አዳምጪ» ብለው አንድ መቀነሻ ሰጡኝና ወጡ። እንደዚያ ጥለውኝ ወጥተው አያውቁም ነበር።

እናም ከጡረታዬ በኋላ፣ ከብሩክ ስልክ በሦስተኛው ቀን፣ ዱባይ ተራ ተገናኘን። የሸምሱ ሱቅ አሁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። ደረጃው ጠባብ ሆኖ ጨርቅ በጫነ ሰው ተሞልቷል። «በጎን! በጎን!» እያሉ ያልፉናል። ክንዱን ልይዘው እጄን ዘረጋሁ።

«እርስዎ ደብተሩን ይያዙ፤ እኔ ራሴን እይዛለሁ» አለኝ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሹ አጠረና ደረጃው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ክራንቾቹን ግድግዳ አስደግፎ እጁን ዘረጋ። ደብተሩን ሰጠሁት። በዝግታ አነበበ፤ ስለ መነጽሩ፣ ስለ ሳህኑ፣ ስለ ጥርሱ። አንዳንዱ ላይ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ጣቱ ቆመ።

«ይሄ ቀይ ምንድን ነው?»

«ቦታ ጠቦ የሰረዝኩት ነው።» ወዲያው ደግሞ «አይደለም» አልኩ። «ርዕሱን ስለሚያበላሽብኝ ነው የሰረዝኩት።»

እንደገና አነበበው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ወደ ቀኙ ገጽ ተሻግሮ ያንንም አነበበ።

«ሆስፒታል ሲመጡ ይህን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው ስልዎት?»

«አዎ።»

«ብርቱካን ልጠው ሰጡኝ።»

«አዎ።»

ጨርቅ ተሸካሚዎቹ መካከላችን ገብተው አለፉ። ብሩክ እስኪያልፉ ጠበቀ። ከዚያ ክራንቾቹን አነሣ።

«ይቅርታ ዛሬ አይጠይቁኝ» አለ። «ገና አንድ ፎቅ ይቀረናል።»

ሸምሱ ፀጉሩ ሸብቷል፤ አፉ ግን እንዳለ ነው። «እንዴ፣ እትዬ! ጡረታም አያስቀምጥዎትም?» አለና ወዲያው የሚያብረቀርቅ መቀነሻ አውጥቶ የብሩክ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። «ክብደቱን እየው! ዕድሜ ልክ ነው!»

ብሩክ አልመዘነውም። መልሶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ ከዐሥር ዓመት በኋላ ማን ይከፍተዋል?»

«ለምን ይከፈታል? አይበላሽም እኮ!»

«መለዋወጫው ዛሬ ይመረታል?»

«ወንድሜ፣ ዕቃ ልትገዛ ነው ወይስ ልትድረው?»

«ዱባይ ላለው ሰውህ ደውል። የጎማውን ሙሉ ስብስብ ከነቁጥሩ ይላክልን። መላክ የማይችልበትን ሞዴል እንዳታሳየኝ። የማየው ደግሞ በጥርስ የሚጠብቀውን ብቻ ነው።»

ሸምሱ ወደ እኔ አየ። እኔ ባንኮኒውን አየሁ። ስልኩን አነሣ። ከብዙ ንግግር በኋላ የመጀመሪያውን መቀነሻ ራሱ አንሥቶ ወደ መደርደሪያው መለሰው፤ መለዋወጫ የለውም። ሁለተኛው ሞዴል ነበረው።

«እሺ፣ ለሦስት ሰው ሦስት» አለ ሸምሱ።

«ስድስት።»

«ሦስት ሰው ስድስት አፍ አለው እንዴ?»

«ታች ሲወርድ አለው» አለ ብሩክ።

ሲወጣ ደብተሩን ብብቱ ሥር አስገባ። ይመልስልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ከቦርሳው በፕላስቲክ የተሸፈነች የጋዜጣ ቁራጭ አወጣና ሰጠኝ፤ ከእጥፋቷ የተነሣ ልትበጠስ ደርሳለች።

«ይሄን እርስዎ ያስቀምጡት። እኔ አያስፈልገኝም።»

እንድከተለው ስላልጠየቀኝ ሱቁ በር ላይ ቆምኩ። ክራንቹ በየደረጃው ሲያርፍ እስከ ምድር ቤቱ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ቁራጯ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ጋዜጣው ዛሬ አይታተምም፤ አዘጋጁም የለም፤ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ስለዚህ እርምቱን እዚህ አወጣዋለሁ።

እርምት፦ «ከአዲስ ፎርጅድ ያገለገለ ኦሪጅናል» በሚል ርዕስ በወጣው ጽሑፍ፣ ያገለገለ የመጥለቂያ መቀነሻ ዕድሜ ልክ ያገለግላል የተባለው ስሕተት ነው። መለዋወጫው ዛሬም የሚመረት መሆኑ ሳይረጋገጥ አይገዛም፤ ለጥልቅ ውሃም አንድ ብቻ ተይዞ አይወረድም። ባለሙያው ጋሼ ደምሴ ይህን በወቅቱ ተናግረዋል። የሰረዘችው ጸሐፊዋ ናት። አንባቢው ብሩክ ምንም አላጠፋም።